ነጋዴው ለምን በእግሩ ሄደ

ካርታ ሠሪው ግንባሩን እስያ ላይ አሳርፎ ሞቶ ተገኘ።

ቀኝ እጁ ብሩሹን እንደያዘ ነበር፤ ግራው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። መነጽሩ ተንሸራቶ የህንድ ውቅያኖስ ላይ ወድቋል። ማክሰኞ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ የታረሙ ገጾች ታቅፋ ስትገባ ያንቀላፋ መሰላት፤ ከምሳ በኋላ ሸለብ የማድረግ ልማድ ነበረው። «ጋሼ ኮምፓስ» አለችው ቀስ ብላ። ትከሻውን ነካ ስታደርገው ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞረ። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ነው።

ወረቀቶቹ ከእጇ ወደቁ። ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ወንበር ገለበጠች፤ ሌሎቹም እየሮጡ የመጡት የወንበሩን መውደቅ ሰምተው ነው።

ቤቱ ጸጥ ባለ መንገድ ላይ የቆመ አሮጌ ቤት ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት አምስት ሰዎች እስያን የሚያህል አህጉር በአንድ መጽሐፍ ለመክተት ሲታገሉበት ኖረዋል፦ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል የበቀሉትን የመጀመሪያ ከተሞች፣ በኢንደስ ሸለቆ የጡብ ቦይ ዘርግተው የኖሩትን ሰዎች፣ በኤሊ ቅርፊትና በከብት አጥንት ላይ ጥያቄያቸውን ያስጽፉ የነበሩትን የቻይና ነገሥታት። ዋና አዘጋጁ ሰባ ዓመት የሞላቸው ፕሮፌሰር ናቸው። የጥንት ጽሑፎችን የምትተረጉመው፣ ታናናሾቿ ሁሉ «እትዬ» የሚሏት የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ፎቶ አንሺው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ጸሐፊዋ የሁሉንም የእጅ ጽሑፍ በታይፕ የምትመታ ወጣት ናት። አምስተኛው ካርታ ሠሪው ነበር። ከኮምፓሱ ተለይቶ ስለማይታይ ስሙ ኮምፓስ ሆኖ ቀርቷል። ልቡን እንደሚያመው ሁሉም ያውቅ ነበርና መጀመሪያ ሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ልቡ ነው።

የተጠራው ሐኪም ግን የሟቹን አፍ ከፍቶ አየ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ በአንድ ፊታቸውን ተመለከተና «ስልኩ የት ነው?» አለ።

ኢንስፔክተሯ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። አጭር፣ ቀጭን፣ ጠጉሯ ገብስማ የሆነ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ገሚሱ ቅጥነቷን አይቶ፣ ገሚሱ አንድ ቀን ተወግቶ። ከኋላዋ አንድ ወፍራም ሳጅን ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል። የበሩ ዘበኛ ከምሳ ሰዓት ወዲህ ማንም እንዳልገባ፣ ማንም እንዳልወጣ ምሎ ነገራት። በሩን አስቆለፈች።

በካርታው ክፍል ውስጥ አስከሬኑን ሳትነካ ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«ምን ታያለህ፣ ሳጅን?»

«ሥራ ላይ እያለ የሞተ ሰው።»

«ምን ሲሠራ?»

ሳጅኑ አንገቱን አስግጎ አየ። «ወንዝ ሲስል። ብሩሹ ሰማያዊ ነው።»

ብሩሹን በመሐረብ ይዛ ከሟቹ ጣቶች መሐል አወጣችና ባዶ ወረቀት ላይ ጫን አደረገችው። ከሥሩ ገና እርጥብ ነበር፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ጥሎ ተነሣ። «አሁን ካርታው ላይ ኤፍራጥስን በጣትህ ጥረገው።»

ሳጅኑ ጠረገና ጣቱን አሳያት። ንጹሕ ነው።

«ጤግሮስንም፣ ኢንደስንም» አለችው። ሁሉም ደረቅ ነው። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ከሰረገ ሰንብቷል።

ሦስት የቀለም ብልቃጦች ተደርድረዋል። ጥቁሩ ከግማሽ በታች ነው። ቀዩ ተሟጦ ሊያልቅ ነው። ሰማያዊው እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ኢንስፔክተሯ ካርታው ላይ ያሉትን ወንዞች ቁልቁል አየች፤ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ከዚያ ብልቃጡን እንደገና አየች።

ሐኪሙ ከበሩ ሥር ሆኖ «አውራ ጣትሽ» አላት።

መሐረቡን ያለፈች አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አውራ ጣቷ ላይ ነበረች።

«ታጠቢው። አሁኑኑ። ፊትሽን እንዳትነኪ።»

ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ስለተናገረ ይበልጥ አስፈራት። ከመታጠቢያው ፊት ቆማ ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈተገችው። በመስታወቱ ውስጥ የራሷ ከንፈር የደረቀ መሰላት፤ በምላሷ ልታረጥበው ስትል አፏን ገጠመች። በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዋ ብዙ አስከሬን አይታለች። ዛሬ ግን እጇን ለአራተኛ ጊዜ ታጠበች። ሐኪሙ ብሩሹንና ብልቃጦቹን ለምርመራ ይዞ ሄደ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጸሐፊዋን ነው። ልጅቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ይዛለች።

«ብሩሽ ሲይዝ ልማድ ነበረው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይልሰው ነበር። ጫፉ እንዲሾል። ለቀጭን መስመር፣ በተለይ ለወንዝ። ‹ጋሼ፣ ቀለም እራት አይሆንም› እያልን እንስቅበት ነበር።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ቤቱ ሁሉ።»

«ዛሬ ወንዝ እየሳለ ነበር?»

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። «የለም። ወንዞቹ ካለቁ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ፕሮፌሰሩም ፈርመውበታል። በዚህ ሳምንት የነበረው የቀይ ሥራ ነው፤ የንግድ መንገዶቹ።»

«ሞቶ ስታገኚው ምን ሆነ? ሁሉንም ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ፎቶ አንሺው መጣ። እስትንፋስ ልስጠው ብሎ መሬት አስተኛው። በአፉ ሊነፋለት ጎንበስ ሲል እትዬ ደርሳ በሁለት እጇ አንገቱን ይዛ ጎተተችው። ‹ተው፣ አልፏል፣ ሬሳ አታጉላላ› አለችው። እሱ ሊሰማ አልፈለገም፤ ተናነቁ ማለት ይቻላል። እሷ ባትኖር እኔስ እዚያው እወድቅ ነበር። ጠንካራ ናት። ኋላ ወደ ወንበሩ መልሰው አስቀመጡት፤ ሐኪም እስኪያየው መሬት አይተኛ ብላ ብሩሹንም እጁ ላይ መለሰችለት።»

ኢንስፔክተሯ ቃል በቃል ጻፈችው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ሐኪሙ ነበር። ተናግራ ስትጨርስ አራቱንም ወደ መሰብሰቢያው ክፍል ጠራቻቸው። ክፍሉ ከካርታው ክፍል ቀጥሎ ያለ ሲሆን፣ በአንዱ ግድግዳ የእስያ ካርታ፣ በማዕዘኑ ደግሞ በጥንታዊ መልክ የተሠራ ትልቅ የሸክላ ጋን አለ። ጠረጴዛው ላይ ጸሐፊዋ ስምንት ሰዓት ላይ ያመጣችው ሻይ ገሚሱ ተጠጥቶ ቀዝቅዟል።

«ሰውየው በልብ አልሞተም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ብሩሹ ላይ መርዝ ተገኝቷል። ብልቃጦቹ ንጹሕ ናቸው። ስለዚህ መርዙ የነበረበት ሰማያዊ ብልቃጥ ተነሥቶ ሌላ ተተክቷል። የት እንዳለ አላውቅም። እስካገኘው ድረስ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ምንም አይቅመስ።»

ፕሮፌሰሩ የሻይ ስኒያቸውን አዩ፤ ባዶ ነው። ቀስ ብለው ከፊታቸው ገፉት። ፎቶ አንሺው የእጅ መዳፉን በሱሪው ላይ መጥረግ ጀመረ፤ ጠረገ፣ ጠረገ፣ አላቆመም። ጸሐፊዋ ጠቋሚ ጣቷን አየች። ቀኑን ሙሉ ገጽ ለመግለጥ ስትልሰው የዋለችውን ጣት። አፏን ይዛ ወደ መታጠቢያው ሮጠች።

ሙቀቱ የበረታ ከሰዓት ነው። ሳጅኑ ከውጭ የታሸገ ውሃ አስመጥቶ አቀረበ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ፕሮፌሰሩ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ «እስቲ አንተ ቅደም፣ ልጄ» አሉት ሳጅኑን። ሳጅኑ ጠጣ። ሁሉም ጉሮሮው ሲወርድ ሲወጣ ተመለከቱ፤ ከዚያም በኋላ የጠጣ የለም። አንዱ ሌላውን በዓይኑ ጫፍ እያየ፣ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ወንበሩን ሸሸት እያደረገ ተቀመጡ። ስድስት ዓመት አብረው ምሳ የበሉ ሰዎች ናቸው።

ጸሐፊዋ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ኢንስፔክተሯ ለሁሉም አንድ ጥያቄ አቀረበች። «ሟቹ በቅርቡ የከነከነው ነገር ነበር?»

«ጥያቄ መቼ አጥቶ ያውቃል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «በወረቀት እየጻፈ ለጸሐፊያችን ይሰጣታል፣ እሷ በታይፕ ትመታለች፣ እኔ እመልሳለሁ።»

«ትናንትም አሥራ አንድ ጥያቄ ሰጥቶኛል» አለች ጸሐፊዋ። «ገና አልመታሁትም።»

ይህ ሲባል አራቱም በክፍሉ ውስጥ ነበሩ።

ኢንስፔክተሯ ፕሮፌሰሩን ወደ ቢሯቸው ይዛቸው ሄደች። ሳጅኑ ፎቶ አንሺውን ወደ ጨለማ ክፍሉ ወሰደው፤ ፊልም ማጠቢያ ኬሚካሎቹን አንድ በአንድ እንዲያስመዘግብ። የጨለማ ክፍሉ ቁልፍ በውጭ በኩል ምስማር ላይ እንደሚንጠለጠል፣ ከኬሚካል ጠርሙሶቹም አንዱ ላይ ያለው አቧራ በጣት እንደተነካ ሳጅኑ ጻፈ። ፎቶ አንሺው የተነካውን አቧራ አየ። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የእኔ ነው» አለ። «መርዙ ከእኔ ክፍል ነው የወጣው። ማን ያምነኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ሳጅኑ። «አንተ ብቻ ከዓይኔ አትራቅ።»

በዚህ መሐል ጸሐፊዋ ዳግመኛ እጇን ልትታጠብ ሄዳ ነበር። ስትመለስ የጠረጴዛዋ መሳቢያዎች ሦስቱም ተጎትተው ወጥተዋል። ወረቀቶቿ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ግራና ቀኝ አየች፤ የተዘጉ በሮች ብቻ። ከአንደኛው በር ኋላ ሰው ትንፋሹን ይዞ የቆመ መሰላት። ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ የደረሰችው ጫማዋን አንድ እግር ጥላ ነው።

«ጥያቄዎቹን ፈልገው ነው» አለች እየተርበተበተች። «እኔ ግን ጠዋት ከምሳ ዕቃዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። ቦርሳዬ ከእኔ ጋር ነው። ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ብቻዬን አይተዉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ጎኗ አስቀመጠቻትና ወረቀቱን ዘረጋች። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሥር ተራ ጥያቄዎች ተጽፈዋል፤ ስለ ተራራ ከፍታ፣ ስለ ከተማ ስም አጻጻፍ። አሥራ አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ነጋዴው ለምን በእግሩ ሄደ?»

«ቀልድ መስሎኝ ነበር» አለች ጸሐፊዋ።

«ነጋዴው ማን ነው፣ ፕሮፌሰር?»

ፕሮፌሰሩ ዓይናቸው በራ፤ ፍርሃቱን ለአፍታ የረሱ መሰሉ። «የመጽሐፋችን ዕንቁ ነው። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ነጋዴ፣ በኤፍራጥስ ወርዶ ዑር ወደምትባለው ከተማ ያደረገውን ጉዞ በሸክላ ጽላት ላይ አስጽፏል። እትዬ ናት ከሃያ ዓመት በፊት የተረጎመችው። ጽላቶቹ የነበሩበት ቤት ኋላ በእሳት ጠፋ፤ የቀረው የእሷ ግልባጭ ብቻ ነው። ልጆች በትምህርት ቤት በቃላቸው ያጠኑታል።»

«ወደ ዑር ሲደርስ ያለውን ያንብቡልኝ።»

ሽማግሌው ገጹን ሳያዩት በቃላቸው አሉት። «‹ከጀልባዬ ወረድሁ፤ ውሃውንም ከኋላዬ ተውሁት። ግማሽ ቀን በአሸዋ ላይ ሄድሁ፤ ፀሐይም በጫንቃዬ ላይ ነበረች። ከዚያም የከተማይቱ ግንብ ታየኝ፤ አለቀስሁም።›»

«ያምራል» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ይንገሩኝ። ወንዙ ከከተማዋ ምን ያህል ይርቃል?»

«ዛሬ ፍርስራሹ በረሃ ላይ ነው ያለው፤ ወንዙ ብዙ ርቆ ያልፋል። ወንዝ አልጋውን ይቀይራል። ያኔማ ዑር ወደብ ነበረች፤ ኤፍራጥስ ከግንቧ ሥር ነበር የሚ…»

አልጨረሱትም። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ፊታቸው ከደም ተራቆተ።

«አዎ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ታዲያ ነጋዴው ለምን በእግሩ ሄደ?»

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁሉም እንደገና ተሰበሰቡ። ፀሐይ አዘቅዝቃ ክፍሉ ደብዝዟል፤ ሳጅኑ መብራቱን አበራ። ጸሐፊዋ ከሰው ሁሉ ራቅ ብላ ማዕዘን ላይ፣ ጋኑን ተደግፋ ተቀመጠች። ፎቶ አንሺው ወለሉን ያያል። ተርጓሚዋ እጆቿን አጣምራ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፕሮፌሰሩ ማንንም ማየት አልቻሉም።

«በቀላሉ ልንገራችሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እናንተ ስትፈሩ ውላችኋል፤ እኔም ፈርቻለሁ። ፍርሃታችን የሚያበቃው ነገሩ ሲታወቅ ነው።

«ሟቹ ሲሞት በሰማያዊ ይሠራ ነበር። ምላሱም ብሩሹም ይመሰክራል። ፊቱ ሥር የተገኘው ካርታ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የደረቀ ነው። እንግዲህ ዛሬ የሳለው ወንዝ የት ሄደ? ሌላ ወረቀት ነበር፤ ገዳዩ ብልቃጡን ሲቀይር ወረቀቱንም ወሰደው። አሮጌውን በቦታው ተካ። ስለዚህ ገዳዩ የፈራው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱንም ነው።

«ሁለተኛ፣ በዚህ ሳምንት የቀይ ሥራ ነበር። መርዙ የተጨመረው ግን ሰማያዊው ላይ ነው። ሰማያዊ እንደሚነካ የሚያውቀው እሱ ራሱ የነገረው ሰው ብቻ ነው።

«ምን ይሆን የሳለው? ኤፍራጥስን በድሮ አልጋው። ነጋዴው የሄደበትን መንገድ በቀይ ሊያሰምር ሲል መንገዱ ቦታ አጣበት። በዚያ ዘመን ወንዙ ከተማዋ በር ላይ ነው፤ ከጀልባ የወረደ ሰው ግንቡን በእጁ ይነካዋል። ግማሽ ቀን በአሸዋ የሚያስሄድ ርቀት የመጣው ወንዙ ከሸሸ በኋላ ነው። ነጋዴው አላየውም። ያየው በእኛ ዘመን የታተመ ካርታ ፊቱ ዘርግቶ የጻፈ ሰው ነው።»

ፎቶ አንሺው ቀና አለ። «ጽላቶቹ…»

«ጽላት አልነበረም» አሉ ፕሮፌሰሩ። ድምፃቸው ተሰብሯል። «ስድስት ዓመት ሙሉ መቅድሙን በእሱ ላይ ሠራሁ፤ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።»

«እርስዎም ብዙ የሚያጡት ነበርና እርስዎንም ጠርጥሬያለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግን የጸሐፊዋ መሳቢያ ሲበረበር እርስዎ ከእኔ ጋር ነበሩ። ፎቶ አንሺው ከሳጅኑ ጋር ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ እያወቀች የገዛ መሳቢያዋን አትበረብርም። ብቻውን የነበረ አንድ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ተርጓሚዋ አልዞረም። መዞሩን ራሱ ፈሩት።

«ይህ ብቻ ቢሆን እጠራጠር ነበር» ብላ ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «እርግጠኛ ያደረገኝ ሌላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችሁም ልቡ ነው ብላችሁ ነበር። ፎቶ አንሺው እስትንፋስ ሊሰጠው አፉን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አንድ ሰው በሁለት እጁ ጎትቶ አስጣለው። ልቡ የቆመን ሰው ለማዳን መሞከር ምን ክፋት አለው? በዚያች ደቂቃ የሟቹ ከንፈር ሰው እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ነው የጎተተው።»

ፎቶ አንሺው እጁን ወደ አፉ ወሰደ፤ ሳይነካው መለሰው። ከዚያ ብቻ ነው ወደ እሷ የዞረው።

«እትዬ?» አለ።

ተርጓሚዋ ስትናገር ድምፅዋ የተለመደው፣ የለሰለሰው ድምፅዋ ነበር፤ ያ ነው ሁሉንም ያስበረገጋቸው።

«አንተን ልገድል አልፈለግሁም። አንተ ምን አደረግኸኝ?»

«እሱስ ምን አደረገሽ?» አሏት ፕሮፌሰሩ።

«ደግ ሆነብኝ።» እጆቿን ፈታቻቸው። «ወጣት ሳለሁ እውነተኛ ጽላቶች እተረጉም ነበር። የእህል ዝርዝር፣ የበግ ቁጥር፤ መሐሉ የተሰበረ። አንድ ጊዜ የጎደለ መስመር ከራሴ ሞላሁ። ሰው የወደደው እሱን መስመር ነው። ቀጥሎ አንድ ገጽ ሞላሁ። ከዚያ ነጋዴውን ወለድኩት። ልጆች ሲያነቡት ስሰማ እኔም የኖረ ይመስለኝ ጀመር። ትናንት ኮምፓስ መጥቶ ‹እህቴ፣ ወንዙን ነገ በድሮ አልጋው እስለዋለሁ፤ ካልገጠመ ሐሙስ አብረን ለፕሮፌሰሩ እንነግራለን፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ› አለኝ። ሦስት ቀን ሰጠኝ። ሃያ ዓመት በሦስት ቀን እንዴት ይመለሳል? ቢጮህብኝ ምናልባት… ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ብልቃጡ የት ነው?»

የተርጓሚዋ ዓይን ሳታዝዘው ወደ ማዕዘኑ ሄደ፤ ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋም አልፎ ወደ ተደገፈችው ጋን።

ጸሐፊዋ ለመነሣት ሞከረች። ሳጅኑ ክንዷን ይዞ አነሣት። ከጋኑ ውስጥ በመሐረብ እየያዘ መጀመሪያ የተጠቀለለ ወረቀት፣ ቀጥሎ ግማሽ የደረሰ ሰማያዊ ብልቃጥ አወጣ። ወረቀቱን ዘረጋው። ቀለሙ ሳይደርቅ ስለተጠቀለለ ተጨማልቋል፤ ቢሆንም ወንዙ ይታያል። ከሰሜን ወርዶ፣ ተጣሞ፣ ዑር ወደተባለችው ነጥብ ሲቃረብ ይቆማል። የቀረው ርዝመት አንድ ጣት አይሞላም።

ከሁሉም ቀድመው የተነፈሱት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ጸሐፊዋ ማልቀስ ጀመረች፤ ፎቶ አንሺው ሄዶ አጠገቧ ቆመ።

ኢንስፔክተሯ ተርጓሚዋን ወደ ደረጃው መራቻት። ካቴና ለማጥለቅ ጊዜ አልነበረም፤ የታችኛው በር ተከፍቶ ነበርና። የሟቹ ባለቤት ናት የገባችው። ጎረቤት ነግሯት በቤት ጫማ መጥታለች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ይጎተታል። ዘበኛው ሊያቆማት አልቻለም። ደረጃውን ቀና ብላ ስታይ ከፖሊሶቹ መካከል የምታውቀውን አንድ ፊት አየች። ሃያ ዓመት ቤቷ የገባች፣ ለልጇ ስም ያወጣች ወዳጇ ናት።

«እህቴ!» ብላ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ምን ጉድ ነው የምሰማው? ጥዋት ደህና ነበር እኮ። ‹ዛሬ ለእሷ የምሠራላት ነገር አለ፣ ቶሎ ልሂድ› ብሎኝ ነው የወጣው። አንቺ አብረሽው ነበርሽ? ብቻውን አልሞተም፣ አይደል? ንገሪኝ፣ ብቻውን አልሞተም በይኝ።»

ተርጓሚዋ እጆቿን ወደ ላይ አነሣች፤ የባለቤቱ ጀርባ ላይ ሊያርፉ ሲሉ አየር ላይ ቆሙ። አፏ ተከፈተ። በአምስት የሞቱ ቋንቋዎች የምታነብ ሴት ናት። አንድ ቃል አልወጣትም።

ኢንስፔክተሯ ባለቤቱን ከትከሻዋ ይዛ፣ ጣት በጣት እያላቀቀች፣ ቀስ ብላ ለየቻቸው።